ብርድ መትቷታል

የምገዛው ጫማ ሁሉ ቀኙ ቀድሞ ያልቃል። ስራመድ የቀኝ እግሬ ፊት አይነሳልኝም፤ መሬቱን ይጠርገዋል። የግራው ገና አዲስ ሆኖ ሳለ የቀኙ አፍንጫ ተልጦ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ሰፈራችን ያለው ጫማ ጠጋኝ እኔ ስመጣ ቀና ብሎ ሳያየኝ እጁን ወደ ቀኝ እግሬ ይዘረጋል። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም።

እንዲህ ያደረገኝ ሰው አለና። ስሙን አልጠራም፤ አይገባውም። እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱም አልለውም። ፊት ለፊት "እርስዎ" ብዬዋለሁ፣ እሱ ይበቃዋል።

ያደግኩት ፈረንሳይ ሰፈር ነው፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከሚያወጣው ዳገት ሥር። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ "ሀኪም" የሚባል ሰው ነበር። ሀኪም አልነበረም። በወጣትነቱ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ሲያጥብና ፋሻ ሲቀይር የኖረ ድሬሰር ነው። ሥራውን ሲለቅ መርፌና ስሪንጅ ይዞ ሰፈር ገባ፤ ስሪንጁን በትንሽዬ ድስት እየቀቀለ ቤት ለቤት ይወጋ ጀመር። ሰዉም ወደደው። የእኛ ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ዛሬም ያው ነው፤ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ኪኒን ስሰጣቸው ፊታቸው ይጠቁራል። "ሲስተር፣ መርፌ የለውም?" ይሉኛል። ኪኒኑን የሰጠኋቸው ለማላገጥ ይመስላቸዋል። ስንቴ ተጣልቻለሁ በዚህ ነገር!

እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሳል ይዞኝ ትኩሳት ሲያቃጥለኝ እናቴ ይሄንን ሰው ጠራችው። ጉልበቷ ላይ በደረቴ አስተኝታ ቀሚሴን ገለበችው። መርፌው ሲገባ አላስታውስም። የማስታውሰው ከቂጤ ተነስቶ እስከ እግር ጣቴ የወረደውን እሳት ነው። ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ተወራጨሁ። "ያዣት! አጥብቀሽ ያዣት!" አላት። እናቴም ያዘችኝ። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ሰጥቶኝ ነው መርፌውን የነቀለው።

በማግስቱ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች አልታዘዝ አለኝ። እናቴ ባዶ እግሯን ሮጣ ጠርታው መጣች። እግሬን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ያዘው፣ ለቀቀው፤ ወደቀ። መልሶ አነሳው፤ መልሶ ወደቀ። እኔ እንጃ፣ ያኔ ገብቶት ይሆን? ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

"ትናንት አጥበሻታል እንዴ?" አላት።

አጥባኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ በላብ ስለተነከርኩ ወደ ማታ ላይ ገላዬን አጥባኛለች። "አዎ፣ አጥቤያታለሁ" አለችው የዋኋ እናቴ።

"በቃ!" አለ። "መርፌ የተወጋ ልጅ ይታጠባል? ብርድ መትቷታል።"

ይኸው ነው። ብርድ መትቷታል። በሁለት ቃል ጥፋቱን ከራሱ ላይ አንስቶ እናቴ ላይ ከመረው፤ ድስቱን ይዞ ወጣ። ሰፈሩም ተቀበለው። ብርድ መምታትን የማያምን ሰው የት አለ? ላብ ላይ ነፋስ፣ ከመርፌ በኋላ ውሃ፣ በር ተከፍቶ መተኛት፤ ይሄን ሁሉ ማንም ያውቀዋል። ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ እናቴን በአዘኔታ እያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። "ምነው እህቴ፣ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?" ይሏታል። እናቴ አንገቷን ትደፋለች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን እየወጣች ኪዳነ ምሕረት ፀበል ስታመላልሰኝ ኖረች። ሌላው ቢቀር ሰውየውን ትራገመዋለች ብላችሁ ታስባላችሁ። ኧረ የት ተብሎ! ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ቆርሳ በሳህን ትልክለታለች። "እሳቸው ሊያድኗት ደክመው ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ትላለች። ሳህኑን አድራሿ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ በዚህች በምትጎተተው እግሬ።

ካደግኩ በኋላ ነርስነት ተማርኩ። አንድ ቀን ጠዋት መምህራችን መርፌ የምንለማመድበትን፣ ሰው የሚያህለውን የፕላስቲክ አሻንጉሊት በደረቱ አስተኛችው። በማርከር የመቀመጫው አንደኛው ጎን ላይ መስቀል ሠርታ በአራት ከፈለችው። የላይኛውን፣ ወደ ውጭ ያለውን ሩብ በጣቷ መታ መታ አድርጋ "የምትወጉት እዚህ ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳላያችሁ" አለች። ከዚያ ከመሀሉ ጀምራ ወደ ጭኑ አንድ ወፍራም መስመር አወረደች። "ይሄ እግርን የሚያዝዘው ትልቁ ነርቭ ነው። እዚህ ላይ የወጋ ሰው እግር ይገድላል። በተለይ ልጅ ከሆነ። ልጁ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይጮኻል፤ በማግስቱ የእግሩ ፊት አይነሳም፤ ዕድሜ ልኩን ሲጎትት ይኖራል" አለች።

የጓደኞቼ ዓይን አንድ በአንድ ወደ እግሬ መጣ።

ተነስቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ያንን ሰው አሰብኩት፤ ድስቱን፣ "ያዣት!" ያለበትን ድምፅ፣ በኔ እጅ የበላውን የእናቴን ዳቦ። ቤት እንደደረስኩ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ለእናቴ ነገርኳት። ትራስ አምጥቼ መስቀል ሠራሁበት፣ መስመሩን አወረድኩላት፣ "እዚህ ነው የወጋኝ! ብርድ የሚባል ነገር የለም! አንቺ ምንም አላደረግሽም!" አልኳት።

እናቴ ትራሱን ከእጄ ወሰደችና በመዳፏ ታሸው ጀመር። "ምነው ልጄ፣ ንጹሑን ትራስ" አለች። ቀጥላም፣ "ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል። እሳቸው እኮ ሀኪም ናቸው። አንቺ ገና ተማሪ ነሽ። ያጠብኩሽ እኔ ነኝ" አለችኝ።

ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አሁንም ነገርኳት። አላመነችም። ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ እናቴ ናት። ገንፎ አገነፋች፣ አጥሚት አፈላች፣ ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈለገችም። ሕፃኗን ማጠብ ሲመጣ ግን ወጥታ ጎረቤት ጠራች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን! "የኔ እጅ ለዚህ አይሆንም" አለች። ጎረቤታችን ልጄን እያገላበጠች ስታጥብ እናቴ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ስታይ አየኋት። እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃቸዋለች።

እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ ማልኩ። ያንን ሰው ፈልጌ አገኘዋለሁ። እናቴ ፊት አስቀምጬ በገዛ አፉ አስለፈልፈዋለሁ። ከኔ አፍ አላመነችም፤ ከሀኪሟ አፍ ግን ታምናለች። ሌላ ካሳ አልፈልግም ነበር። ኧረ ለምን ልዋሽ! እፈልግ ነበር። በመርፌ ልወጋውም እፈልግ ነበር፤ እዚያው እኔን የወጋኝ ቦታ ላይ።

ግን ሰውየው የለም። እኔ ትምህርት ላይ እያለሁ ሰፈሩን ለቆ ወሰን የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላት ልጁ ዘንድ ገብቷል ተባለ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በታክሲ ወሰን እየወረድኩ ሱቅ ለሱቅ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ጠይቄያለሁ። የሚያውቀው የለም። በኋላ ሞቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሰው ሲሞት ይታዘናል፤ እኔ "አመለጠኝ!" ብዬ ነው ያዘንኩት።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ያገኘሁት። ጤና ጣቢያችን መንቀሳቀስ ለማይችሉ በሽተኞች ቤታቸው ድረስ ነርስ ይልካል። ኪዳነ ምሕረት ፀበሉ አጠገብ ክፍል ተከራይተው ፀበል የሚጠመቁ ሽማግሌ አሉ፣ ሳንባቸውን ታመዋል፣ ሆስፒታል አልተኛም ብለዋል፣ በየቀኑ መርፌ ይወጉ ተብሎ ታዘዘ። ዳገቱን ማንም አይወደውም፤ ባልደረቦቼ ተያዩ። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ምን እንደገፋኝ አላውቅም።

ከበሩ ላይ እንዳየሁት አወቅኩት። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ግን የግራ ጆሮው ጫፍ ጎደሎ ነው፣ በልጅነቴ ያንን ጆሮ እያየሁ ነበር ዳቦውን የማቀብለው። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በቆምኩበት ደረቅኩ።

"ግቢ እንጂ ሲስተር፣ ብርዱን አስገባሽብኝ እኮ!" አለኝ።

ብርዱን! ገባሁ። የምታስታምመው ልጁ ወንበር ሰጥታኝ ወደ ጉዳይዋ ወጣች። እሱ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑ እግሬ ላይ ቀረ።

"እግርሽን ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?"

"ልጅ ሆኜ ብርድ መትቶኝ ነው" አልኩት።

"አይ ብርድ!" አለና ራሱን ነቀነቀ። "ብርድ ክፉ ነው። እናትሽ ሳትጠነቀቅ ቀርታ ነው።"

ዞሬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የታዘዘለት መድኃኒት ዱቄት ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ይበጠበጣል። በጡንቻ ሲሰጥ እንደ ቃጠሎ ስለሚያም በውሃ ፈንታ በማደንዘዣ እንበጠብጠዋለን። ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ውሃውን አነሳሁ። ማን ያየኛል? መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፣ ያድነዋል፤ ብቻ ጣራው እስኪነቀል ይጮኻል። ይጩህ! ደግሞ እግዜር አመቻችቶ በደረቱ አስተኝቶልኛል፤ መቀመጫው አጥንት ብቻ ቀርቶታል። መሀሉ የት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት በሐሳቤ ስወጋው ኖሬያለሁ።

ውሃውን መልሼ አስቀመጥኩ። ያዘንኩለት እንዳይመስላችሁ። የምፈልገው ምላሱን ነበር። የከፋው በሽተኛ አፉን ይዘጋል፤ የተመቸው ይለፈልፋል። በማደንዘዣው በጠበጥኩለት፣ እንደ ደንቡ ከላይኛው ሩብ ወጋሁት፣ ሳቅም ጨመርኩለት።

"እጅሽ ቀላል ነው" አለኝ ሱሪውን እየሰበሰበ። "የዛሬ ልጆች እንዲህ መውጋት አትችሉም ብዬ ነበር።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ስደልለው ሰነበትኩ። ትራሱን አስተካክልለታለሁ፣ ስለ ዱሮው እጠይቀዋለሁ። እሱም ወሬ ይወዳል። ከፈረንሳይ እስከ ጉራራ እሱ ያልወጋው ቂጥ የለም። ሰዉ ከሆስፒታሉ ይልቅ እሱን ያምን እንደነበር፣ መንገድ ላይ ሲያዩት ባርኔጣ ያነሱለት እንደነበር ሲያወራ ፊቱ ይበራል። እኔ "ወይ ጉድ!" እላለሁ፣ "እንዴት ያለ ዘመን ነበር!" እላለሁ። እንደ በሰለ ፍሬ ሲለሰልስልኝ ለእናቴ ነገርኳት።

"ሀኪሙን አገኘኋቸው። ታመው ኪዳነ ምሕረት ናቸው" አልኳት።

ክው አለች። "ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ! ይሄኔ ጠያቂ አጥተው ይሆናል!" ብላ ተቆጣችኝ። በማግስቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ብርቱካን በፌስታል ገዝታ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። መኪናው እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣን። ባሕር ዛፎቹ መሀል እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስባለች። "ይቺን ዳገት አንቺን አዝዬ ስንቴ ወጥቻታለሁ" አለች አንድ ቦታ ላይ። ከዚያ ደግሞ፣ "ሳልጠይቃቸው ቢሞቱ ኖሮ ጸጸቱ ይገድለኝ ነበር" አለች። ዓይኔን ዳገቱ ላይ ተከልኩ። የምናገረው ሁሉ ስድብ ሊሆንብኝ ነው።

እናቴ ከበሩ ጀምራ አጎንብሳ ነው የገባችው። "ሀኪሜ! እንዴት ሆኑብኝ?" ብላ እጁን ልትስም ስትል ፊቴን አዞርኩ። ብርቱካኑን ራስጌው አስቀምጣ አልጋው ጠርዝ አጠገብ ቁጭ አለች።

"ማን ልበል?" አላት ዓይኑን አጥብቦ።

"የታችኛው ሰፈሯ ነኝ፣ ሀኪሜ። ያቺ ብርድ የመታት ልጅ እናት።"

"እ! አስታወስኩ! ካጠብሻት በኋላ የመታት?"

"አዎ፣ እሷው" አለች እናቴ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አንገቷን ደፋች፤ ልክ እንደዚያ ጊዜው። "ይቻትና። አድጋ ነርስ ሆናለች።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ምኑን! ፈገግ አለ። "አንቺ ነሽ እንዴ! እዩልኝ፣ እኔ የወጋኋት ልጅ መልሳ እኔን ስትወጋ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሳሉ እስኪቆም ጠበቅኩ። ብልቃጡን እየበጠበጥኩ፣ ድምፄን ማር አድርጌ፣ "አባባ፣ እኛን ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ይሉናል፣ ግራ ያጋቡናል። እርስዎ ልምዱ አለዎት። መርፌ የሚወጉት የቱ ጋ ነበር? እስቲ ያሳዩኝ" አልኩት።

ደስ አለው። በጎኑ ዞሮ ሱሪውን ዝቅ አደረገና ጣቱን መቀመጫው መሀል ላይ ሰካ። "እዚህ! ሥጋው ከተከመረበት፣ እምብርቱ ላይ። ዳር ዳሩን የሚወጋ ፈሪ ነው።"

"ልጆችንም?"

"ልጅማ ሌላ የት ሥጋ አለውና? መሀሉን ነው እንጂ።"

"አያማቸውም?"

"መርፌ ነዋ! አንዳንዱማ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይፈራገጣል። እናትየው አጥብቃ ትያዝ፣ አንቺ ጨርሰሽ መስጠት ነው።"

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

"ከዚያማ ጠንቁ ብርድ ነው" ብሎ ቀጠለ እሱ። "አትጠቡ፣ አታውጡ እያልኩ ማን ይሰማኛል? ስንቱን ልጅ እግሩን መታው!"

ቀጥዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"ስንቱን?" አለች።

"እህ?"

"ከኔ ልጅ ሌላም አለ፣ ሀኪሜ?"

"ኧረ ምን በወጣሽ! የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ልጅ አለች፣ የዘበኛው ልጅ አለ፣ ከወንዙ ማዶም ነበሩ።"

"ሁሉም ታጥበው ነው?"

"አዎ..." አለና አሰብ አደረገ። "የዘበኛው ልጅ እንኳ አልታጠበም። እሱ በር ተከፍቶበት ነው።"

"የወፍጮ ቤቷስ?"

"እሷን እንጃ... ረሳሁት።"

የእናቴን ፊት እያየሁ ነበር፤ አንድ ነገር ስታሰላ ግንባሯ ይጨማደዳል። "ብርዱ የመታቸው የትኛውን እግራቸውን ነው?" አለችው። "የተወጉበትን ጎን ነው ወይስ ሌላውን?"

"የተወጉበትን ነዋ" አለ ሳያስብ።

"ሁሉንም?"

ጣቱን ከመቀመጫው ላይ አነሳ።

"ልጄንም የመታት በቀኟ ነው። የወጓት በቀኟ ነው" አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "ሰውነቷን በሙሉ ነው ያጠብኩት እኮ፣ ሀኪሜ። ብርድ ጎን ይመርጣል እንዴ?"

ስንት ዓመት ተምሬ፣ ትራስ ላይ መስቀል ሥዬ፣ ነርቭ ምናምን ብዬ ያቃተኝን እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ሰውየው ሱሪውን ወደ ላይ ሊስብ ሞከረ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። ያኔ ነው የገባው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"እኔ እኮ..." አለ። "እኔ ሀኪም ነኝ ብዬ አላውቅም። ሀኪም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

እናቴ ተነሳች። እናቴ ለማኝ እንኳ እርስዎ የምትል ሴት ናት፤ የኛን ሰፈር ሰካራም ሳይቀር "ጋሼ" ነው የምትለው። አልጋው ራስጌ ቆመችና ቁልቁል አየችው።

"አንተ" አለችው። "አንተ ነህ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተዘጋጀው መርፌ እጄ ላይ ነው፤ በማደንዘዣ ስለበጠበጥኩት እስካሁን ይቆጨኛል። አልኮል ውስጥ የነከርኩትን ጥጥ አንስቼ መቀመጫው ላይ መስቀል ሠራሁ። "እይ እማዬ፣ ነርቩ በዚህ ነው የሚወርደው" አልኳት። አጎንብሳ አየች። ጣቷን ሰደደች፣ ሳትነካው፣ ከመሀሉ እስከ ጭኑ ድረስ አየር ላይ ተከተለችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"መርፌው ያማል?" አለችኝ።

"ያማል።"

"ቀስ አድርገሽ ውጊው። ቶሎ እንዳይለቀው።"

መርፌ ቀስ ተደርጎ ሲሰጥ ነው የሚሻለው። መድኃኒቱ ጡንቻው ውስጥ እየተስፋፋ ይገባል፣ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ይሄን ማንኛዋም ጀማሪ ተማሪ ታውቀዋለች። እናቴ አታውቅም። በላይኛው ሩብ ሰካሁት፣ ደም እንደሌለ ወደ ኋላ ስቤ አየሁ፣ ከዚያ እንዳለችኝ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ሰውየው ትራሱን ነክሶ ያቃስታል። እናቴ እጇን አጣምራ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ጠበቀች። ለሱ የተሻለውን እንዳደረግኩለት አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ስንወጣ ብርቱካኑን ከራስጌው አንስታ ያዘች። ለበሽተኛ የመጣ ነገር ተመልሶ ሲወሰድ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እሷም አይታ አታውቅም።

ቁልቁለቱን ወረድን። ታለቅሳለች ብዬ ጎን ጎኗን አያለሁ፤ አላለቀሰችም። ፌስታሉን እያወዛወዘች ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። መሀል መንገድ ስንደርስ ድንገት ቆመች።

"አድርቄሽ ነበር እኮ" አለች።

"እህ?"

"ያን ቀን። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ምድጃው አጠገብ ነው ያጠብኩሽ፣ በሩን ዘግቼ። ፀጉርሽን ሳይቀር አድርቄ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ እንቅልፍ እስኪወስድሽ ደረቴ ላይ ይዤሽ ነበር።" "አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አጠብሻት ወይ አሉኝ እንጂ አደረቅሻት ወይ ያለኝ የለም።"

"እማዬ..." አልኳት። እጇን ልይዛት ስል ነጠቀችኝ።

"ይሄን አልነገርኩትም!" አለችና ዞረች።

ሽቅብ ወጣች። ያቺ ስንመጣ በየዛፉ ሥር እየቆመች ስትተነፍስ የነበረች ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዳገቱን ትበላዋለች። "እማዬ ቆይ! ቀስ!" እያልኩ ተከተልኳት። እግሬ የዛፍ ሥር ላይ ይጋጫል፣ ድንጋይ ላይ ይጋጫል፣ የጫማዬ አፍንጫ አፈር ይዝቃል፤ ልደርስባት አልቻልኩም። ብርቱካን እየወደቀባት ነው፣ ዞራ አላየችም።

በሩ ጋ ስደርስ እሷ ደፉ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ ጣቷን ወደ አልጋው ቀስራለች። እስከ ፀበሉ ድረስ እንደተሰማ በኋላ ሰዎች ነግረውኛል።

"አድርቄያት ነበር!" ትለዋለች። "ትሰማለህ አንተ? አድርቄያት ነበር!"